መገንጠያው ላይ

ማሕሙድ በዚያ ክረምት ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለስ ደስታው ልክ አልነበረውም። አዲስ አበባ ሲቪል ምህንድስና የሚማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለክረምቱ የምርምር ልምምድ ከክፍሉ ልጆች ግማሹ ያህል አመልክተው ነበር፤ የትራንስፖርት ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ሞገስ ግን የመረጡት ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ጥናቱ በደሴ መስመር ላይ ባሉ ከተሞች አደጋ የሚያሰጋቸውን መገንጠያዎች የሚመለከት ነበር። ዶክተሩ ለማን የትኛው ከተማ እንደሚደርሰው ሲደለድሉ ቆይተው "ሸዋ ሮቢት" ሲሉ፣ ማሕሙድ ሳያስበው እጁን አወጣ።

"አገሬ ነው" አለ።

"እንግዲያው ሰዉን ታውቃለህ፣ ሰዉም ያውቅሃል። ሥራው ይቀልልሃል" አሉት።

ለእሱም እንዲያ ነበር የመሰለው።

አብሮት የተመደበው ተመስገን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቀልደኛ ነው፤ ቆላ አይቶ ግን አያውቅም። ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉሙ ከኋላቸው ቀረና ሙቀቱ በአውቶቡሱ መስኮት ገባ። ተመስገን መጀመሪያ ጃኬቱን አወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡን። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሲደርሱ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር።

"ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ ቆዳዬን ማውለቅ ነው" አለ።

ኢብሮ መናኸሪያው በር ላይ ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃቸው ነበር። ማሕሙድን ሲያይ ሽርጡን ሰብስቦ እየሮጠ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሻንጣዎቹን ከእጃቸው ነጥቆ ጫነ። "ኢንጂነር! ኢንጂነሬ መጣ!" እያለ ለሌሎቹ ነጂዎች አሳያቸው፣ ልክ ራሱ የወለደው ልጅ ይመስል።

ኢብሮና ማሕሙድ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ልጆች ናቸው። ቁርዓን ቤት አብረው ገቡ፣ ሮቢ ወንዝ አብረው ዋኙ፣ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። አሥረኛ ክፍል ላይ የኢብሮ እናት ታመሙና ኢብሮ ደብተሩን ጥሎ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ያኔ ማሕሙድ ከእሱ ይልቅ አልቅሶ ነበር። ኢብሮ ግን "ምን ያስለቅስሃል? ከሁለታችን አንዱ ከደረሰ ሁለታችንም ደረስን" ነበር ያለው። ኋላ እናቱ አረፉ። እሱም የራሱን ባጃጅ ገዛና በጀርባዋ መስታወት ላይ በቢጫ ቀለም "የእናቴ ዱዓ" ብሎ አስጻፈ። በከተማው ያንን ጽሑፍ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሥራቸው የገበያው መገንጠያ ላይ ነበር። ከደብረ ሲና ቁልቁለት የወረደ ተሳቢና ሲኖትራክ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከገበያው የሚወጣ ሰው፣ አህያና ጋሪም በዚያው ይሻገራል። ባጃጆች ደግሞ ሰው ባዩበት ቆመው ይጭናሉ፣ ባሰኛቸው ቦታ ይዞራሉ። የቀለምና የቆርቆሮ ሱቅ ያላቸው ጋሼ የኋላሸት ፎቃቸው ጣሪያ ላይ ካሜራ እንዲተክሉ ፈቀዱላቸው። ሁለቱ ልጆች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ አንዱ በደብረ ሲና በኩል አንዱ በጀውሃ በኩል ቆመው በእጃቸው በያዙት መሣሪያ የመኪኖቹን ፍጥነት ይለካሉ። ማታ ቤት ገብተው የካሜራውን ምስል ያያሉ፤ ለጥቂት ከግጭት ያመለጡትን፣ ሳይጋጩ በአላህ ቸርነት የተላለፉትን ይለያሉ።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። መሣሪያው ሽጉጥ ስለሚመስል ነጂዎቹ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ "ማረን!" ይሉ ነበር። እየቆየ ግን ወሬው ተለወጠ። ለትራፊክ ፖሊስ ነው የሚሠሩት ተባለ። ለቀረጥ ነው ያለም አልጠፋ። ኢብሮ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆሞ "ወላሂ ማሕሙድ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው።

ብዙም ሳይቆይ ተመስገንን ወባ ጣለው። እየተንቀጠቀጠ ብርድ ልብስ ሲጠይቅ የማሕሙድ እናት ዘምዘም አጠገቡ ተቀምጠው አደሩ። ነጋ ሲልም ኢብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ትንሽ ሲሻለው ቤተሰቦቹ መጥተው ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ሄዱ። ማሕሙድ ለዶክተር ሞገስ ደውሎ ሌላ ሰው ይልኩለት እንደሆነ ጠየቀ።

"ሌላ ሰው የለኝም። ደግሞስ አንተ አገርህ ውስጥ ነህ። ምን ያስፈራሃል?" አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሕሙድ በጀውሃ በኩል ብቻውን መቆም ጀመረ። ሥራው ሰው መሀል ሆኖ ሰው የሚያሳጣ ዓይነት ነው። የሚያውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ ቆሞ ካወራቸው መኪናው ያመልጠዋል። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ አያነሳም። አንዳንዱ ሰው "ኮርቷል" ብሎ አለፈው። የሐምሌ ፀሐይ በዝናብ መሀል ስትወጣ ታቃጥላለች። አስፋልቱ ይጤሳል፣ ሰደርያው ውስጥ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል። ከቀኑ ውስጥ ደስ የሚለው የምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። እናቱ ምሳውን በፌስታል ቋጥረው አንዳንድ ቀን በታናሽ እህቱ በናጅዋ፣ አብዛኛውን ቀን ግን በኢብሮ ይልኩለታል። ኢብሮ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አምጥቶ ከጎኑ ቁጢጥ ይላል፤ እስኪበላም ድረስ የከተማውን ወሬ ሁሉ ይነግረዋል።

የሥራው አጋማሽ ላይ ዶክተር ሞገስ ደወሉ። የመጀመሪያውን ውጤት ለከተማው ኃላፊዎች የሚያቀርቡበት ስብሰባ ተይዟል።

"አንድ ጥሩ ቪዲዮ ምረጥልኝ። ቁጥር ሰው አያስደነግጥም፤ ሰውን የሚያስደነግጠው በዓይኑ ያየው ነው። ታርጋውን መሸፈን አትርሳ" አሉት።

ማሕሙድ ምስሎቹን አገላበጠ። ብዙዎቹ ጥርት ያሉ አልነበሩም። ዝናብ የሸፈናቸው አሉ፣ አህያ የጋረዳቸው አሉ። አንዷ ግን እንደ መስታወት የጠራች ነበረች። ባጃጇ ከቀኝ ጠርዝ ድንገት ተነስታ ትዞራለች። ሲኖትራኩ ፍሬን ይዞ ጎማው ይጤሳል፤ ባጃጇ ለጥቂት ታመልጣለች። የማን እንደሆነች ወዲያው አወቀ። አወቀና ተወት አደረጋት። ሌላ ፈለገ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ እያለቀ ነው፤ ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው። ተመልሶ አያት። ታርጋዋን በጥቁር ሸፈነ። በጀርባዋ መስታወት ያለው ጽሑፍ በላፕቶፑ ላይ የጉንዳን ያህል ነው፤ ማን ያነበዋል? ለራሱ እንዲያ አለና ላከው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኃላፊዎቹ ከፊት፣ ነጋዴዎችና የሀገር ሽማግሌዎች ከመሀል፣ የባጃጅ ነጂዎቹን ወክሎ የመጣው ካሚል ደግሞ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። ካሚል የማሕሙድ አባት ጓደኛ የነበረ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ማሕሙድ ወደ መድረኩ ሲወጣ አይዞህ በሚል ራሱን ነቀነቀለት።

ማሕሙድ ጥሩ ተናገረ። ዶክተር ሞገስ ፊታቸው በራ። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋና ቪዲዮው ነጩ ግድግዳ ላይ ተለቀቀ። ባጃጇ ተነሳች፣ ዞረች፣ ሲኖትራኩ መጣ። አንዲት ሴት "ያ ረቢ!" ብላ ጮኸች። ባጃጇም አምልጣ ጀርባዋን ሰጠች። በላፕቶፑ ላይ ጉንዳን ያከለው ጽሑፍ በግድግዳው ላይ የሰው ቁመት አክሎ ወጣ፤ የእናቴ ዱዓ።

"ይቺማ የኢብሮ ናት" አለ አንድ ሰው።

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ።

ከኃላፊዎቹ አንዱ የሆነው ሰብሳቢ ወደ ማሕሙድ ዞረ። "የትኛው ኢብሮ ነው? ታውቀዋለህ?"

ዶክተር ሞገስ ፈጥነው "ጥናቱ ስለ ግለሰብ አይደለም፤ ስለ ቦታው ነው" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሰብሳቢው ግን ቀድሞ ከጎኑ ላለው ሰው በጆሮው አንድ ነገር ነግሮታል። ማሕሙድ ወደ ኋላ አየ። ካሚል ቆቡን ከራሱ አውልቆ፣ አራግፎ፣ መልሶ አደረገው። ከጓደኞቹ ጋር ተነስቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ባጃጆች መገንጠያው ላይ እንዳይቆሙ፣ እንዳይዞሩም ታዘዘ። በታችኛው መንገድ ዙሩ ተባሉ። ታችኛው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው። የኢብሮ መንጃ ፈቃድም እስከ ክረምቱ መውጫ ተያዘ።

ማሕሙድ በዚያው ቀን ወደ ኢብሮ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ያስሚን ናት፤ ልጇን ታቅፋለች። የኢብሮ ጫማ ደጃፉ ላይ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም። የለም" አለች ያስሚን።

ማሕሙድ ጫማውን አየ። ያስሚንም ማየቱን አየች።

"የለም አልኩህ እኮ። ግባ ብዬ ለምን ላስጨንቅህ?" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። በሩ ጓ ቢል ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ፊቱን አዞረበት። የሰደበው ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ቢሰድበው መልስ ይኖረው ነበር። ባጃጅ ሲያስቆም ባዶ መቀመጫ እያለ "ሙሉ ነው" ብለውት ያልፋሉ። ሻይ ቤቱ ሲገባ ወሬው ይቆማል። ሻዩን ጠጥቶ እስኪወጣ ሁሉም ስልኩን ያያል፤ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ደግሞ ሳቁ ከኋላው ይሰማዋል። ጁምዓ ላይ ሶላት አልቆ ሰዉ ሲጨባበጥ ለእሱም እጁን ይሰጠዋል፤ ማንም ግን እንደ ድሮው እጁን ይዞ አያስቀረውም። አንድ ቀን ካሚልን መስጊዱ በር ላይ አገኘው።

"ጋሼ ካሚል፣ አላህ ያውቃል፣ ሆን ብዬ..."

"አውቃለሁ ልጄ" አለ ካሚል። "ሆን ብለህ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ልጆቹ ግን ጭቃ ውስጥ ናቸው።" ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እናቱ ገበያ ማንጎ ይሸጣሉ። ሌላ ጊዜ ማንጎውን በነጋ በጠባ የሚያደርስላቸው ኢብሮ ነበር። አሁን ጎረቤት የሆኑት ሌሎቹ ነጂዎችም "እትዬ ዘምዘም፣ ዛሬ አይመቸኝም" ማለት አበዙ። እናቱ አልተነጫነጩም። ቅርጫቱን በራሳቸው ተሸክመው ይሄዱ ጀመር። ማሕሙድ ሊቀበላቸው ሲል "አንተ ሥራህን ሥራ" ይሉታል። አንድ ቀን ናጅዋ ከሱቅ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

"ወንድሜ፣ ኢብሮን ያሳሰርከው አንተ ነህ?"

"ማን አለሽ? አልታሰረም።"

"ልጆቹ ናቸው ያሉት።" ቆይታ ደግሞ "እኔ ግን አይደለም አልኳቸው" አለችው።

ማሕሙድ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ያን ግድግዳ ነበር ከኢብሮ ጋር በልጅነታቸው እየደበደቡ የሚጠራሩበት።

ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። በየቀኑ ሰደርያውን ለብሶ መገንጠያው ላይ ይቆማል። አሁን እጁን አንስቶ "ማረን" የሚለው የለም። መገንጠያው ግን ተለውጧል፤ መኪናው በቀጥታ ያልፋል፣ ሰዉም እንደ ድሮው አይንጫጫም። ምሽት ላይ ምስሉን ሲያይ ለጥቂት ከግጭት ያመለጠ መኪና እያጣ መጣ። ጥናቱ የተናገረው እውነት መሆኑን በዓይኑ አየ፤ ማንን እንደሚነግረው ግን አላወቀም። ለተመስገን ሊደውል ፈልጎ ተወው። ተመስገን ኢብሮን ወዶት ነበር፤ ምን ብሎ ይጀምርለታል? ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እየሰማ ሰው አማረው። ሊያናግራቸው የሚችሉ ሰዎች አላጣም፤ የሚፈልገው ግን አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚነግረውን ሰው ነበር።

ምሳውን አሁን ናጅዋ ናት የምታመጣው። አስቀምጣለት እየሮጠች ትመለሳለች። ጋሼ የኋላሸት አንዳንድ ቀን ከሱቃቸው ወንበር አውጥተው "ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ እግርህን አሳርፍ" ይሉታል። እሳቸው ከመንዝ ወርደው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም።

"እኔ እዚህ ስመጣ ለሁለት ዓመት ያህል የሚያናግረኝ አልነበረም" አሉት አንድ ቀን። "ደገኛ ነው እያሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለመዱኝ" አሉና ደንበኛ መጣባቸው።

ማሕሙድ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ይለመድ እንደነበር አሰበ። እሱን ግን ያውቁታል።

ኢብሮ ጀውሃ ሽንኩርት እየጫነ መሆኑን የነገሩት እሳቸው ናቸው። ማሕሙድ ቅዳሜን ጠብቆ ሄደ። አንድም ባጃጅ ስለማይወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የጭነት መኪና ለመነ። ጀውሃ ሲደርስ ጭነቶቹ ከምግብ ቤቶቹ ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ኢብሮን ከሩቅ አየው። የሽንኩርት ማዳበሪያ በትከሻው ተሸክሞ በሳንቃ ላይ ወደ መኪናው ይወጣል። ከስቷል። ማሕሙድን ሲያይ አልደነገጠም። የተሸከመውን አድርሶ ወረደና ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

"በምን?"

"በጭነት።"

ኢብሮ ራሱን ነቀነቀ። በመኪናው ጥላ ስር ተቀመጠ፤ ማሕሙድም ከጎኑ። የሽንኩርቱ ሽታ ዓይን ይቆርጣል።

"አውፍ በለኝ" አለ ማሕሙድ። "ጽሑፉ አይነበብም ብዬ ነበር። ሌላ ቪዲዮ ፈልጌ አጣሁ። አንተን ለመጉዳት..."

"ስለ ጽሑፉ አይደለም" አለ ኢብሮ።

"ታዲያ?"

"ያን ቀን ለምን እንደዞርኩ ታውቃለህ?"

ማሕሙድ ያን ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶታል። ባጃጇ ለስንት ጊዜ ያህል ከሲኖትራኩ ፊት እንደነበረች አስልቷል፣ በምን ያህል ርቀት እንዳመለጠችም ለክቷል። ለምን እንደዞረች ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

"ምሳህን ይዤ ነበር" አለ ኢብሮ። "እናትህ እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ አድርስለት ብለውኝ ነበር። አንተ ከማዶ ፀሐይ ላይ ቆመህ አየሁህ። ፊትህን ወደ ጀውሃ አዙረሃል። መኪናውን አላየሁትም።"

ማሕሙድ ያን ቀን አስታወሰ። ከኋላው የጎማ ሲጢጥታ ሰምቶ ነበር፤ እዚያ ቦታ ግን ሲጢጥታ ጠፍቶ አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ ኢብሮ እንደ ሁልጊዜው እየሳቀ መጥቶ ፌስታሉን ሰጠው። ውሃውም ቀዝቃዛ ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ልሞት ነበር ብዬ እህል ላስጠላህ?"

"ኢብሮ..."

"መዞሩ ልክ አልነበረም። ልክ ነው አላልኩም። ባጃጅ እንዳይዞር መከልከሉም ደግ ነው፣ እኔ ለልጄ ስል እንኳ ደግ ነው እላለሁ።" ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "ግን አንተ ያን ነገር አየህ። እቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ለብቻህ፣ እኔ ልሞት ስል አየህ። ግድግዳውን ብትደበድበው እሰማህ ነበር። 'አንተ ኢብሮ፣ ልትሞት ነበር እኮ' ብትለኝ ምን ነበረበት? ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ። አንተ ግን ለሰው አሳየኸኝ። መጀመሪያ ለሰው።"

ማሕሙድ ሊያለቅስ ፈለገ፤ ጫኞቹ እያዩት ስለነበር ዋጠው። ከወዲያ አንዱ "ኢብሮ! ና እንጂ!" ብሎ ተጣራ። ኢብሮ ተነሳ። እጁ በአፈር ስለጨቀየ የእጁን አንጓ ዘረጋለት። ማሕሙድ ጨበጠው።

"ሥራ ላይ ነኝ። ፀሐይ ሳትበረታ ተመለስ" አለው ኢብሮና ወደ ማዳበሪያዎቹ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማሕሙድ ሰብሳቢው ቢሮ ገባ። የኢብሮ መንጃ ፈቃድ እንዲመለስለት ለመነ። ቪዲዮው ለጥናት እንጂ ለቅጣት እንዳልተቀረጸ፣ ከተሰብሳቢው መሀል ስሙን የጠራው ሰው ባይኖር ኖሮ ማንም እንደማያውቀው አስረዳ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ውሃ አቀረበለት፣ ጨርሶ ሰማው።

"ልጄ፣ ጥናትህ ጥሩ ነው። በዚያ ቦታ እንኳን ሰው አህያ አልተገጨብንም ካገድን ወዲህ። ሁሉም ሰው ግን ያንን ቪዲዮ አይቶታል። አሁን ብመልስለት ሌሎቹ ምን ይሉኛል? ክረምቱ ሲወጣ ይመለስለታል።"

ለዶክተር ሞገስም ደውሎ ቪዲዮው ከመጨረሻው ገለጻ እንዲወጣ ጠየቀ።

"ከሥራህ ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው፤ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ምክንያቱን ልትነግረኝ ትችላለህ?"

"ሰው አለበት ዶክተር።"

"ሁሉም ላይ ሰው አለበት እኮ" አሉ ዶክተር ሞገስ። ከዚያም ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው "እሺ። ይውጣ። ቀድሜ ልጠይቅህ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ" አሉት።

ማሕሙድ ደግሞ ታችኛው መንገድ ጠጠር እንዲለብስ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ጽፎ ከሪፖርቱ ጋር አያያዘ። ዶክተሩ ገጹ ከጥናቱ ርዕስ ውጪ መሆኑን ነገሩትና ለብቻው ለከተማው እንዲልከው መከሩት። ላከው። መልስ አልመጣለትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ካሜራውን ከጋሼ የኋላሸት ጣሪያ አወረደ። እሳቸውም ካሜራው የተተከለበትን ቀዳዳ ራሳቸው ደፈኑት። በሚሄድበት ጠዋት እናቱ ቅርጫታቸውን ተሸክመው እስከ ገበያው ድረስ አብረውት ወጡ። ሻንጣው ከባድ ነበር፤ ባጃጆቹ በታችኛው መንገድ ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል።

"እናቴ፣ ያን ቀን ምሳውን በኢብሮ እንደላክሽልኝ ታስታውሻለሽ?"

"ስንቱን ቀን ልኬበታለሁ" አሉ ዘምዘም። "አላህ ሁለታችሁንም ይጠብቃችሁ" ብለው ግንባሩን ሳሙትና ወደ ገበያው ገቡ። ማሕሙድ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ወደ መናኸሪያው ተራመደ። ዓይኑ የሰው ፊት ይፈልግ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ግን ማንም አልመጣም። ቁልቁለቱን መልሰው ሲወጡ ደብረ ሲና ላይ ጉሙ ጠበቃቸው። ማሕሙድ የደጋው ብርድ ሲነካው ለካ ሹራቡን ሻንጣው ሥር ቀብሮታል።

አዲስ አበባ ልጆቹ ሁሉ ሥራቸውን አቀረቡ። የማሕሙድም ደህና ነው ተባለ፤ ሽልማት ግን አላገኘም። ተመስገን ድኖ፣ ወፍሮ፣ እየሳቀ መጥቶ አቀፈው።

"ኢብሮዬ እንዴት ነው? ያ ሰው እኮ ሕይወቴን ነው ያተረፈኝ! ሰላም በልልኝ እሺ?"

"እሺ" አለ ማሕሙድ። "ደህና ነው።"

ክፍል ተጀመረ። መስከረምና ጥቅምት አለፉ። ከቤት ሲደውሉለት እናቱ ስለ ማንጎው፣ ናጅዋ ስለ ትምህርቷ ይነግሩታል። የኢብሮ ፈቃድ መመለሱን፣ ያስሚን ሁለተኛ ልጅ ማርገዟን ከእነሱ ሰማ። መገንጠያው ላይ አሁን የሚመጣና የሚሄደውን መኪና የሚለይ የሲሚንቶ ደሴት ተሠርቷል፤ ሰዉም ታችኛውን መንገድ ለምዶታል፤ ማን እንዳስጀመረው የሚያነሳ የለም። ይህን ሲሰማ ማሕሙድ ደስ ይለው እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። ደስ ብሎት ነበር። ደስታውን ግን የሚነግረው ሰው አሁንም አልነበረውም።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ያነሳልኛል ብሎ አላሰበም። ኢብሮ ግን አነሳው።

"ሀሎ? ማሕሙድ?"

"አሰላሙ አለይኩም ኢብሮ። እንዴት ነህ? ያስሚንስ? ልጁስ?"

"ወአለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው። ትምህርት እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ኢብሮ፣ እኔ..."

"ሰው ጭኛለሁ አሁን። ዳር ይዤ ነው ያነሳሁት።"

"እሺ፣ እሺ፣ ንዳ። ሲመችህ ትደውልልኛለህ?"

"ኢንሻአላህ።"

ስልኩ ወዲያው አልተዘጋም። የባጃጇ ሞተር፣ የጥሩምባ ድምፅ፣ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠች ሴት "ማነው?" ስትል ተሰማ።

"የድሮ ጓደኛዬ ነው" አለ ኢብሮ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ማሕሙድ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ጥቂት ቆየ። የድሮ ያለው ከልጅነት ጀምሮ ለማለት ይሁን ያለፈ ለማለት፣ ከድምፁ ሊለየው አልቻለም። ድምፁ ቁጣ እንዳልነበረበት ግን ደጋግሞ ለራሱ ነገረው። ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል፤ መምህሩ ገብተው በሩን ሊዘጉ ነው። ገባና ከኋላ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠ።